ስለ መንጋጋ ቆልፍ መርዝ አሠራር

መንጋጋ ቆልፍ የተባለውን በሽታ የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው። መኖሪያውም አፈር፥ የፈረስ ፋንድያና የከብት እበት ነው፤ ቅርፊት ለብሶ እንደ ዘር ብዙ ዓመት ይቈያል። ይህንንም ባክቴሪያ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1889 ዓ.ም. በበርሊን ለብቻው ለይቶ ያራባው የጃፓን ሊቅ ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ ነው።

ሰውን እሾኽ ወይም ምስማር ሲወጋው፥ ወይም የሕፃን እትብት ንጹሕ ባልሆነ ስለት ሲቈረጥ፥ ባክቴሪያው ይገባና አየር በማያገኝበት ቍስል ውስጥ ይራባል። እርሱ ራሱ ከቍስሉ ርቆ አይሄድም፤ የሚሄደው መርዙ ነው።

መርዙም በነርቭ ጫፍ ገብቶ፥ በነርቩ ውስጥ እየተጓዘ ወደ ኅብለ ሰረሰር ይደርሳል። በዚያ ጡንቻ እንዲኰማተር የሚያዝዝ የነርቭ ሕዋስ አለ፤ ይህንንም አዛዥ ከልክ እንዳያልፍ የሚገታ ሌላ ሕዋስ አለ። መርዙ ይበልጡን የሚጐዳው ገቺውን ነው። ሕዋሱን አይገድለውም፤ ነገር ግን መልእክት የሚያወጣበትን ፕሮቲን ቈርጦ ድዳ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ጡንቻው ልጓሙ እንደ ተበጠሰ ፈረስ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ መንጋጋ ይቈለፋል፥ ቀጥሎ አንገትና ጀርባ ይገተራል፤ የመተንፈሻ ጡንቻ የተያዘ እንደ ሆነም ሰው ይሞታል። ሕፃንም በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ደኅና ሲጠባ ሰንብቶ፥ ከ3ኛው እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ መጥባት ይሳነዋል። ይህ የመርዙ ሥራ ነው እንጂ የቡዳ ዓይን አይደለም።

ምልክቱ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ቈይቶ ነውና፥ ቍስሉ ስለ ደረቀ ብቻ ሰው ዳነ አይባልም። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1890 ዓ.ም. ቤሪንግና ኪታሳቶ የገለጡት ፀረ መርዝ ወደ ነርቭ ያልገባውን መርዝ ያከሽፋል፤ ወደ ነርቭ የገባውን ግን አያገኘውም። በሽተኛው ነርቩ እስኪታደስ ድረስ ለብዙ ሳምንት በሐኪም እጅ ሊቈይ ይገባዋል።

እንግዲህ የሚያዋጣው መቅደም ነው። ቍስልን ወዲያው በንጹሕ ውሃና በሳሙና ማጠብ፥ ዕለቱንም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። እትብት ባልተነካ አዲስ ምላጭ ይቈረጥ፤ እበትና ቅቤ አይቀባ። ነፍሰ ጡር ክትባት ብትወስድ መከላከያው ወደ ፅንሱ ይተላለፋል። አንድ ጊዜ ታሞ የዳነም ቢሆን ክትባት ያስፈልገዋል፤ በሽታው ራሱ መከላከያ አይተውለትምና። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉ፥ መምህራንና ሽማግሎች ይህን ለወላጆች ሁሉ ያስረዱ ዘንድ ይገባቸዋል።