የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ፦ ከምርመራ እስከ ኮድ

አንዲት ሽፋሽፍት ዓይናችሁ ውስጥ ገብታባችሁ ታውቃለች? እስክትወጣ ድረስ ዕረፍት አትሰጥም። አሁን ደግሞ የዓይን ቆባችሁ ራሱ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ በተርገበገበ ቁጥር ሽፋሽፍቱ ዓይናችሁን ሲፈገፍግ አስቡት። ይህ ችግር በሕክምናው ኢንትሮፒዮን ይባላል። ካልታከመ የዓይንን ጥርት ያለ የፊት ሽፋን (ኮርኒያን) እየጫረ እስከ መታወር ያደርሳል።

ታዲያ ቆቡ ለምን ይታጠፋል? አንዱ ምክንያት እርጅና ነው፤ ጡንቻና ጅማቱ ይላላል፣ ብዙውን ጊዜም የሚታጠፈው የታችኛው ቆብ ነው። ሌላው ጠባሳ ነው። በአገራችን በደንብ የሚታወቀው ትራኮማ ከልጅነት ጀምሮ እየተመላለሰ ሲይዝ የላይኛው ቆብ ውስጠኛ ገጽ ይጠብሳል። ቆዳ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ እንደሚኮማተር ሁሉ፣ ጠባሳውም እየተኮማተረ የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስበዋል።

መርማሪው እነዚህን ይለያል። የታችኛውን ቆብ ጎትቶ ይለቀዋል፤ ቶሎ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ላልቷል ማለት ነው። ታካሚው ዓይኑን ጥብቅ አድርጎ እንዲጨፍንና እንዲገልጥ ያደርጋል፤ ተደብቆ የነበረ መታጠፍ ያኔ ብቅ ሊል ይችላል። የላይኛውን ቆብ ደግሞ ገልብጦ ነጫጭ የጠባሳ መስመሮችን ይፈልጋል። ፍሎረሰይን የተባለ ቀለም ጠብ አድርጎ ሰማያዊ ብርሃን ሲያበራ፣ የተጫረው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል።

ቀጥሎ ኮድ አለ። በዓለም ጤና ድርጅት አይሲዲ-10 የቆብ መታጠፍና የሽፋሽፍት መቀልበስ ኤች02.0 ነው። አሜሪካኖች የሚጠቀሙበት ቅጂ ሁለት አኃዝ ይጨምራል፤ የመጀመሪያው መንስኤውን፣ ሁለተኛው የትኛው ቆብ እንደሆነ ይናገራል። ኤች02.011 ማለት በጠባሳ የታጠፈ የቀኝ ላይኛ ቆብ ነው። ኤች02.035 ደግሞ በእርጅና የታጠፈ የግራ ታችኛ ቆብ። ጠባሳው ከትራኮማ ከመጣ ቢ94.0 ይከተለዋል።

«ቁጥር ምን ለውጥ ያመጣል?» ትሉ ይሆናል። ሕክምናው ይለያያል፦ የላላው ይጠበቃል፤ የጠበሰው ተቆርጦ ጠርዙ ወደ ውጭ ይዞራል። ቆጠራም አለ። አንድ አገር ትራኮማን እንደ ሕዝብ ጤና ችግር አስወግጃለሁ ለማለት ከሚጠበቅበት መስፈርት አንዱ፣ ዕድሜያቸው 15ና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል ሽፋሽፍታቸው በትራኮማ ተቀልብሶ ጤና ሥርዓቱ የማያውቃቸው ሰዎች ከ0.2 በመቶ በታች መሆን ነው። ከ1,000 ሰው ከ2 በታች ማለት ነው። በዚህ ልክ ሲቆጠር ጥቂት ሰው በስህተት መዝለል ውጤቱን ይቀይራል።

መዝለል ደግሞ ቀላል ነው። ብዙ እናቶች ሕመሙን ለማስታገስ ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ ይነቅላሉ። በነቀሉ ማግስት ቢመረመሩ ዓይናቸውን የሚነካ ፀጉር ላይገኝ ይችላል። ለዚህ ነው በመስክ «ቲቲ» ተብሎ የሚመዘገበው ምልክት ሁለት ነገር የሚያካትተው፦ ዓይንን የሚነካ ቢያንስ አንድ የላይኛ ቆብ ሽፋሽፍት፣ ወይም በቅርቡ ተነቅሎ የቀረ ምልክት።

እና ቤታችሁ ሽፋሽፍቱን የሚነቅል ሰው ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እንደሚነቅልም ንገሩላቸው፤ ለምርመራው የሚጠቅም መረጃ ነው።