በምዕራብ ሸዋ ገጠር ስፍራን ስለ መመዝገብ፤ የእጅ ጂፒኤስና የስልክ ካርታ

የሕዝብን ልማድና ሥርዐት ለማጥናት ወደ ገጠር የሚወጣ ተመራማሪ የሰማውን ታሪክ በደብተሩ ከመጻፍ ጋራ፣ ታሪኩ የሚያመለክተውን ስፍራ ለይቶ የመመዝገብ ግዴታ አለበት። የሁለት ጎሣዎች ወሰን የሆነ ወንዝ፣ ሽማግሎች ለፍርድ የሚቀመጡበት ዛፍ፣ ሰው የተወው የገበያ ሜዳ፣ የአባቶች መቃብር፣ ቦታቸው በትክክል ካልታወቀ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሌላ ተመራማሪ አያገኛቸውም። ይህ ጉዳይ በምዕራብ ሸዋ በተለይ ይሰማል፤ አገሩ ቀደም ብሎ የተጠና ነውና። ካርል ኤሪክ ክኑትሶን በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ ስላለው የቃሉ ሥርዐት የጻፈው መጽሐፍ በ1967 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ኸርበርት ሉዊስም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በምዕራብ ሸዋ ኦሮሞዎች መካከል ተቀምጦ አጥንቷል። የዛሬው ተማሪ የእነዚህን ሰዎች ፈለግ ተከትሎ ከአምቦ፣ ከጉደር ወይም ከጌዶ ወደ ቀበሌዎቹ ሊገባ ሲነሣ፣ በእጅ የሚያዘውን ጂፒኤስ ልግዛ ወይስ በኪሴ ያለው ስልክ ይበቃኛል እያለ ይጠይቃል።

ለጥያቄው ብዙዎች የሚሰጡት መልስ ስለ ትክክለኛነት ነው። በእኛ አስተያየት ግን ትክክለኛነት የልዩነቱ ትንሹ ክፍል ነው። ሁለቱም መሣሪያዎች የሚሠሩት በአንድ ዘዴ ነው። ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው የሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች እያንዳንዳቸው የአቶም ሰዓት ይዘው፣ ያሉበትን ቦታና ጊዜውን በሬዲዮ ሞገድ ሳያቋርጡ ያስታውቃሉ። ተቀባዩ መሣሪያ ሞገዱ እስኪደርስ የወሰደውን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያሰላል። ሞገዱ በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ፣ የሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት ርቀቱን በ300 ሜትር ያህል ያዛባል፤ ተቀባዩ ደግሞ የአቶም ሰዓት ስለሌለው፣ የገዛ ሰዓቱን ለማረም ከሦስቱ ሳተላይቶች ሌላ አራተኛ ያስፈልገዋል። እስከ ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ የሚሰጠውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለ ነበር፣ ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ይህ ከቀረ ወዲህ ሰማዩ በተገለጠበት ሜዳ ተራ ስልክ እንኳ በ5 ሜትር ገደማ ውስጥ ቦታውን ይለያል፤ የእጅ ጂፒኤሱም ከዚህ እምብዛም አይበልጥም። መቃብርን ከመቃብር፣ ዛፍን ከዛፍ ለመለየት ይህ ይበቃል።

ስልክ ያለ ኔትዎርክ ቦታውን አያውቅም የሚለው እምነት በተማሪዎቻችን ዘንድ ሥር የሰደደ ነው፤ እውነት ግን አይደለም። ሳተላይቱ ከኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ ከሳፋሪኮም ምሰሶ ጋራ ምንም ጉዳይ የለውም። ኔትዎርክ የሚያግዘው በሁለት መንገድ ነው። በመጀመሪያ፣ የሳተላይቶቹን የጉዞ ሰሌዳ በጥቂት ሴኮንዶች ለስልኩ ያቀብለዋል። ይህ ርዳታ ሲቋረጥ ስልኩ ሰሌዳውን ከሳተላይቶቹ ከራሳቸው ማዳመጥ አለበት፤ የአንዱ ሳተላይት የራሱ ዝርዝር በየ30 ሴኮንዱ ይደገማል፣ የሁሉም ጠቅላላ ሰሌዳ ግን 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ስለዚህ ከመኪና እንደ ወረዱ ስልኩን አይቶ አልሠራ አለ ከማለት፣ በሜዳ ላይ ቆሞ ጥቂት መታገሥ ነው። ሁለተኛው ርዳታ ካርታው ነው። ካርታው አስቀድሞ ካልተጫነ፣ ስልኩ ያለበትን ቦታ ቢያውቅም ነጥቡ በባዶ ገጽ ላይ ይቀራል። ጉግል ማፕስ የአንድን አውራጃ ካርታ ወደ ስልኩ ለማውረድ ይፈቅዳል፤ ኦስምአንድና ኦርጋኒክ ማፕስ የተባሉት መተግበሪያዎች ደግሞ በጎ ፈቃደኞች የሚሥሉትን የኦፕን ስትሪት ማፕ ካርታ በሙሉ በስልኩ ውስጥ ያኖራሉ። በእነዚህ ካርታዎች ከሆለታ እስከ ባኮ ያለው አውራ መንገድና ከተሞቹ በደኅና ይታያሉ፤ ገበሬው የሚሄድበት የእግር መንገድ ግን በየቦታው አልተሣለም።

ኔትዎርክ የሚጠፋውም በገደል ውስጥ ብቻ አይደለም። የአምቦው ተወላጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ በመላው አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘግቶ ነበር። ካርታውን በአዲስ አበባ ሳይጭን የወጣ ሰው እንዲህ ባለው ጊዜ ስልኩ ለመንገድ ምንም አይረባውም።

ስለ ኀይል ብዙ ማለት አያሻም። እንደ ጋርሚን ኢትሬክስ 10 ያሉት የእጅ ጂፒኤሶች በሁለት ትናንሽ የባትሪ ድንጋይ 25 ሰዓት ያህል ይሠራሉ ተብለው የወጡ ናቸው፤ ድንጋዩም በጊንጪ ሱቅ ይገኛል፣ ምንም እንኳ ርካሹ ድንጋይ የተባለውን ሰዓት ባይደርስም። ከአዲሶቹ አንዳንዶቹ ግን እንደ ስልክ በኤሌክትሪክ የሚሞሉ ስለ ሆኑ ገዢው ይህን አይቶ ይግዛ። ስልኩ መብራቱ በርቶ መንገድ ሲመዘግብ ከዋለ ከምሽት በፊት ያልቃል፤ በአውሮፕላን ሁነታ ላይ ቢደረግ ግን ሳተላይቱን መቀበሉን ሳይተው ብዙ ይቆያል። በክረምት ዝናብ በረጠበ ጣት የስልክ ገጽ አይታዘዝም፤ ባለ ቁልፉ መሣሪያ ይታዘዛል።

የመልክዐ ምድሩም ነገር አለ። ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ያለው የወንጪ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ጕድጓድ ውስጥ የተኛ ስለ ሆነ፣ ከሐይቁ ዳር የቆመ ሰው ዙሪያው ግድግዳ ሆኖበት የሚያየው ሰማይ ያነሰ ነው። የጅባት ደንና በጊንጪ አጠገብ ያለው የጭሊሞ ደን ደግሞ ቅጠላቸው ምልክቱን ያደክመዋል። በእንዲህ ያለ ስፍራ መሣሪያውን በአንድ ቦታ ለብዙ ደቂቃ አቁሞ የንባቡን አማካይ መውሰድ ይገባል። የእጅ ጂፒኤሱ ይህን በአንድ ትእዛዝ ያደርገዋል።

እስካሁን ከተናገርነው ሁሉ ይልቅ የምዕራብ ሸዋን ጥናት የሚጎዳው ሌላ ስሕተት አለ። በ1:50,000 መጠን የታተሙት የመንግሥት ካርታዎች የተመሠረቱት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ላይ ነው። አዲንዳን በግብጽና በሱዳን ድንበር አጠገብ ያለ ስፍራ ሲሆን፣ ልኬቱ በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በዓባይ ተፋሰስ ጥናት ጊዜ ወደ አገራችን ተስቦ ገባ። ጂፒኤስ ግን የሚናገረው ደብሊው ጂ ኤስ 84 በተባለ ሌላ መነሻ ነው። ተማሪው ከመሣሪያው ያነበበውን ቁጥር ሳያርም በአሮጌው ካርታ መረብ ላይ ቢያሳርፈው፣ ነጥቡ ከእውነተኛው ቦታ ወደ ሰሜን 200 ሜትር ያህል፣ ወደ ምሥራቅም 90 ሜትር ያህል ርቆ ይወድቃል። መሣሪያው 5 ሜትር አልሳተም፤ መዝገቡ ግን ከ200 ሜትር በላይ ስቷል። ወንዝ ወሰን በሆነበት አገር ይህ ማለት የአንዱን ጎሣ መቃብር ለማዶው ጎሣ መስጠት ነው፤ ጽሑፉ ከታተመ በኋላም በክርክር ጊዜ እንደ ምስክር ሊጠቀስ ይችላል። በእጅ ጂፒኤስ ማስተካከያ ውስጥ አዲንዳን የሚለውን መርጦ ማንበብ ይቻላል፤ አብዛኞቹ የስልክ መተግበሪያዎች ግን ይህ ምርጫ የላቸውም። ስለዚህ በአሮጌው ካርታ ለሚሠራ ሰው የእጁ መሣሪያ ዋጋ ከሁሉ ይልቅ በዚህ ነው። የትኛውንም ቢይዝ፣ ከቁጥሩ ጎን የልኬቱን መነሻ ስም ይጻፍ።

ስልኩ የሚበልጥበትም አለ፤ ይኸውም ስም ነው። የዚህ አገር ቦታዎች ስም ከአንድ በላይ ነው፤ አምቦ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር፣ አዲስ ዓለምም ኤጀሬ ትባላለች። የመንደርና የጅረት ስም ደግሞ በካርታው ላይ አንድ ዐይነት፣ በቁቤ ሌላ፣ በሽማግሌው አፍ ሌላ ይሆናል። ስልክ የሽማግሌውን ድምፅ፣ ፎቶግራፉንና ነጥቡን ባንድነት ይይዛል። የእጅ ጂፒኤስ የሚቀበለው ጥቂት የላቲን ፊደል ሲሆን፣ የጠበቀውን ከላላው፣ ረጅሙን ከአጭሩ ድምፅ ለመለየት አያመችም።

ለኢትኖሎጂ ተማሪ ግን መሣሪያው የሚያየው ብቻ ሳይሆን፣ ሕዝቡ መሣሪያውን እንዴት ያየዋል የሚለውም ጥያቄ ነው። በሸዋ የመሬት መለኪያ የራሱ ታሪክ አለው። ቀላድ የሚባለው ገመድ እየተጣለ መሬት በጋሻ፣ ማለት በ40 ሄክታር ያህል፣ ሲሸነሸን ብዙ ሰው በአባቶቹ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነ። ያ ሥርዐት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቢቀርም መታሰቢያው አልጠፋም። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. አምቦን፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪን ያነሣሣው ቁጣ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የጋራ ፕላን ላይ የተነሣ ነበር፤ ፕላኑም በጥር 2008 ዓ.ም. ተሠረዘ። እንግዲህ በእርሻ ዳርቻ ላይ የማይታወቅ መሣሪያ ይዞ የሚዞር እንግዳ፣ ለገበሬው ከቀያሽ በቀር ምን ሊመስለው ይችላል? ስልክ ግን ገበሬውም በኪሱ የያዘው ነው። በዚህ ምክንያት በእርሻና በመኖሪያ መካከል ስልክን፣ በደን፣ በገደልና በሐይቅ ዳር የእጅ ጂፒኤስን እንመርጣለን፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር የትብብሩን ደብዳቤ ካየና ሽማግሎቹም መሣሪያውን በእጃቸው ይዘው ካገላበጡት ደግሞ ልዩነቱ ይጠባል። ሽማግሌ ሲናገር ስልክ ላይ ማቀርቀር ግን በየትኛውም ስፍራ ነውር ነው።

የስልክ ቅርበት ሌላም ዕዳ አለበት። ፎቶግራፉ የተነሣበትን ቦታ በውስጡ ይሸከማል፤ ስልኩም ሳይጠየቅ ወደ ውጭ አገር ማከማቻ ሊልከው ይችላል። በላይኛው ጊቤ ያለው ኦዳ ቢሲል ስሙ ለሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ ነጥቡ ምሥጢር አይደለም። የአንድ ቤተ ሰብ መቃብር፣ የአንድ ቃሉ ገልማ ወይም በሰው ፊት የማይጠራ ምንጭ ግን እንደዚያ አይደለም፤ በጸጥታ መታወክ ጊዜም የመረጃ ሰጪው ቤት ከሁሉ ይልቅ መሸሸግ አለበት። ስለዚህ ከጉዞው በፊት በካሜራው ላይ የቦታ ምዝገባው ይጥፋ። ለኅትመት የሚሰጠው ኬክሮስና ኬንትሮስ ከነጥብ በኋላ በሁለት አሃዝ ቢቆም፣ ሁለተኛው አሃዝ አንድ በተለወጠ ቁጥር ቦታው በ1.1 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ አንባቢው ቀበሌውን ያውቃል፣ ቤቱን ግን አያገኝም። ሙሉው ቁጥር በተመራማሪው ደብተር ይቆያል።