የሕይወት ምህንድስናና ከጀርባው ያሉት መሥሪያ ቤቶች

ወባ ይዞት ጤና ጣቢያ የሄደ ኢትዮጵያዊ ኮአርተምን ያውቀዋል። አገራችን ከ2004 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፋልሲፓረም ለተባለው የወባ ዓይነት የመጀመሪያ ምርጫ ያደረገችው ይህ ክኒን ዋና ኃይሉን የሚያገኘው ከአርቴሚሲኒን ነው። አርቴሚሲኒን ደግሞ አርቴሚሲያ ከተባለ ተክል ቅጠል ይወጣል። ተክሉ ተዘርቶ፣ አድጎ፣ ቅጠሉ ደርቆ እስኪጨመቅ ብዙ ወራት ይፈጃል። ዋጋውም አንዴ ሰማይ ይነካል፣ አንዴ ወርዶ ገበሬውን ያከስራል።

በ2006 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ጄይ ኪስሊንግ የሚመራ ቡድን ሌላ መንገድ አሳየ። የተክሉን ዘረመሎች ወስዶ የዳቦ እርሾ ውስጥ አስገባና እርሾው ስኳር እየበላ የአርቴሚሲኒንን መነሻ አሲድ እንዲያመርት አደረገው። በ2013 ምርቱ በሊትር 25 ግራም ደርሶ ሳኖፊ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ በፋብሪካ ደረጃ ማምረት ጀመረ። እንዲህ ሕያው ህዋስን እንደ መሐንዲስ ነድፎ፣ ገጣጥሞና ፈትሾ የሚፈለገውን ሥራ እንዲሠራ የማድረግ ሙያ ኢንጂነሪንግ ባዮሎጂ ይባላል።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የአንድ ብልህ ፕሮፌሰርና የአንድ ለጋሽ ታሪክ ሆኖ ነው። ጌትስ ፋውንዴሽን በ2004 ለዚሁ ፕሮጀክት 42.6 ሚሊዮን ዶላር መስጠቱ እውነት ነው። ነገር ግን ለጋሹ ገንዘቡን ይዞ ሲመጣ ሙያው፣ መሣሪያውና የሠለጠነው ሰው አስቀድሞ ነበረ። ያን ያቆመው በአብዛኛው የአሜሪካ መንግሥት ነው።

ለዚህ ከሁሉ የጠራው ማስረጃ ያለው የሎውስቶን በተባለው የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በ1960ዎቹ ቶማስ ብሮክ የተባለ የረቂቅ ተሕዋስያን ተመራማሪ ከመንግሥቱ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ባገኘው ድጋፍ የፓርኩን ፍል ውኃዎች ያጠና ነበር። እጅ በሚልጥ ሙቀት ውስጥ ምን ሊኖር ይችላል ብሎ ጠየቀ እንጂ መድኃኒትም ሀብትም አልፈለገም። በ1966 በ70 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ተመችቶት የሚኖር ባክቴሪያ አገኘ፤ ናሙናውንም ማንም ተመራማሪ ሊያገኘው በሚችልበት የሕዝብ ማከማቻ አስቀመጠው። ከዓመታት በኋላ፣ በ1983፣ ካሪ ሙሊስ ዲኤንኤን የማባዛት ዘዴ ሲያፈልቅ በየዙሩ የሚደረገው ማሞቅ የተለመደውን ኢንዛይም እየገደለ አስቸገረ። መፍትሔው ከዚያ ከፍል ውኃ ባክቴሪያ የወጣው ሙቀት የማይበግረው ኢንዛይም ሆነ። በኮቪድ ዘመን አውሮፕላን ለመሳፈር አፍንጫችንን የሰጠንለት ፒሲአር ይኸው ነው። ያለዚህ ዘዴ ዛሬ አንድም የኢንጂነሪንግ ባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ሥራውን አይጀምርም። የትኛው ነጋዴ ነው ለፍል ውኃ ባክቴሪያ ያን ሁሉ ዓመት ገንዘብ የሚያወጣው?

ይኸው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በ2006 ሲንበርክ የተባለውን የምርምር ማዕከል በበርክሌይ አቋቁሞ 10 ዓመት ደገፈው። ኤምአይቲን፣ ሃርቫርድንና ስታንፎርድን የመሰሉ ተቋማት በአባልነት ገቡበት። የማዕከሉ ዋና ሥራ አንድ ምርት ማውጣት አልነበረም፤ ሌላው ሁሉ የሚሠራባቸውን የዘረመል ክፍሎችና ዘዴዎች ማዘጋጀት፣ ባዮሎጂና ምህንድስናን አንድ ላይ የሚያውቅ ትውልድ ማሠልጠን ነበር።

የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴርም በዚህ ሥራ ውስጥ አለበት፤ እሱ እዚህ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱ ከአቶሚክ ቦምብ ይጀምራል። የሚኒስቴሩ ቀደምት መሥሪያ ቤት ጨረር በሰው ዘር ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የማጥናት ኃላፊነት ነበረበት፤ ያ ጥናት ወደ ዲኤንኤ መራው፣ የሰውን ዘረመል በሙሉ የማንበቡን ታላቅ ፕሮጀክት ከጀመሩትም አንዱ ሆነ። ለዚያ ሥራ በ1997 የተቋቋመው የጋራ የጂኖም ኢንስቲትዩት ዛሬ የተክልን፣ የፈንገስንና የባክቴሪያን ዘረመል ያነባል፤ ዲኤንኤም ሠርቶ ለተመራማሪዎች ይሰጣል። በ2007 ደግሞ ሚኒስቴሩ በኤመሪቪል የጋራ የባዮኢነርጂ ኢንስቲትዩትን ከፈተ። እዚያ በ2011 ተመራማሪዎች ለወባው መድኃኒት የተዘረጋውን ዓይነት የኬሚካል መንገድ በሌላ አቅጣጫ አዙረው ረቂቅ ተሕዋስያን ናፍጣን ሊተካ የሚችል ነዳጅ መነሻ እንዲያመርቱ አድርገዋል።

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ክንፍ የሆነው ዳርፓ ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። አጭር ጊዜና ትልቅ ግብ ይሰጣል፤ በአንድ መርሐ ግብሩ 1000 ዓይነት ሞለኪውሎች በረቂቅ ተሕዋስያን እንዲመረቱ ጠይቋል። ፍጥነቱ ይጠቅማል፤ የጦር ኃይል ገንዘብ በሕያው ነገር ምርምር ውስጥ መግባቱ ግን ክፍት ክትትል ይፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የማከብረው ስሙ እምብዛም የማይነሳውን የልኬት መሥሪያ ቤት ነው፤ በሜሪላንድ የሚገኘውን ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት። አንድ ተማሪ በነደፈው ዘረመል ባክቴሪያ አረንጓዴ ያበራል እንበል። ምን ያህል? መሣሪያው 4000 ይላል። 4000 ምን? የመሣሪያው የራሱ ቁጥር ነው፤ የጎረቤቱ ቤተ ሙከራ ያንኑ ባክቴሪያ ለክቶ 900 ሊያገኝ ይችላል። የአንዱ ቁና ከሌላው ቁና በማይገጥምበት ገበያ እህል መሸመት ማለት ይህ ነው። በሌላው ልኬት ላይ ተማምኖ መሥራት ካልተቻለ ምህንድስና የሚባል ነገር የለም። ኢንስቲትዩቱ ይህን ዓይነት ችግር ለመፍታት ማነጻጸሪያ ያዘጋጃል። በ2015 ያወጣው የመጀመሪያው የሰው ጂኖም ማነጻጸሪያ በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ያለ፣ ከአንዲት የዩታ ሴት ህዋሳት የተገኘ ዲኤንኤ ነው። ፊደሎቹ አስቀድመው በጥንቃቄ ስለተነበቡ ማንኛውም ቤተ ሙከራ በራሱ መሣሪያ አንብቦ የት እንደሳተ ያውቃል። መሥሪያ ቤቱ አይቀጣም፣ ፈቃድም አይሰጥም፤ የሚያቀርበው የሚታመን ልክ ነው።

ቁጥጥሩ የሌሎች ነው። ከ1986 ጀምሮ የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር፣ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲና የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የባዮቴክኖሎጂ ምርቶችን በየድርሻቸው ይመረምራሉ።

ይህ ሁሉ ድጋፍ ዋስትና አይሰጥም። የሳኖፊ አርቴሚሲኒን በኪሎ ከ350 ዶላር በላይ ሲያስከፍል የተክሉ ዋጋ ከ250 በታች ወርዶ ፋብሪካው ገበያ አጣ፤ ኋላም ተሸጠ። ፖለቲካም አለ፤ ፕሬዚዳንት ባይደን በመስከረም 2022 ለባዮቴክኖሎጂ የፈረሙት ትእዛዝ በመጋቢት 2025 ተሽሯል። ለዚህ ነው ከአዋጅ ይልቅ 10 ዓመት የተቆረጠለት ማዕከል፣ ከማዕከልም የልኬት ብልቃጡ ይበልጣል የምለው። ገበያም አስተዳደርም ሲለወጥ እነሱ ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

በአዲስ አበባ፣ በጎንደር ወይም በጅማ በዚህ ሙያ የምትሠሩ ተመራማሪዎች አንድ ነገር እወቁ፦ የጋራ የጂኖም ኢንስቲትዩት ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ሳይንቲስቶችንም ማመልከቻ ይቀበላል። ከኢነርጂና ከአካባቢ ጋር የተያያዘ ጥያቄ አቅርባችሁ በባለሙያዎች ግምገማ ካለፋችሁ ዲኤንኤ የማንበቡንና የመሥራቱን ወጪ ኢንስቲትዩቱ ይችላል። አመልክቱ።