ከአጥንት ጋር የሚስማማ ባዕድ ነገር

ነጭ አባይና ጥቁር አባይ ከሚገናኙባት ከካርቱም ከተማ፣ ካርቱም ሁለት ከሚባለው ክፍል ተነሥቶ ወንዙን በመሻገር የነጭ አባይን ምዕራባዊ ዳርቻ ይዞ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው አል ኺዳይ ከተባለ የጥንት መቃብር ሥፍራ ይደርሳል። በዚህ ሥፍራ በተካሄደው ቁፋሮ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የኖሩ ሰዎች ዐፅም ተገኝቷል። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት እንዳስረዳው (በዚህ ምንባብ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ተመራማሪዎች በጥርሶቹ ላይ ተጋግሮ የደረቀውን ቆሻሻ ፍቀው በመመርመር ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ ይመገቧቸው ከነበሩት ተክሎች አንዳንዶቹን ለመለየት ችለዋል። ከእነዚህም አንዱ ከእንግጫ ወገን የሚቆጠር፣ ከሥሩ ድንች መሰል ትናንሽ ፍሬዎች የሚያወጣ ተክል ነው። ሥጋው፣ ጅማቱና ቆዳው ከጠፋ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ጥርሱ ግን ምስክርነቱን እንደ ያዘ ቆየ።

ጥርስና አጥንት ይህን ያህል ዘመን ሊቆዩ የቻሉት ከምን ቢሠሩ ነው? የአጥንት ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሃይድሮክሲአፓታይት ከሚባል የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድን የተሠራ ነው። የቀረው በአብዛኛው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲንና ውሃ ነው። ማዕድኑ ጥንካሬን፣ ኮላጅኑ ደግሞ ሳይሰበር የመታጠፍን ችሎታ ይሰጣል። ይህን ለመረዳት የሚፈልግ ተማሪ አንድ የዶሮ አጥንት በአቼቶ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ዘፍዝፎ ቢያወጣው፣ ማዕድኑ በአሲዱ ስለሚሟሟ አጥንቱ እንደ ጠፍር ሲተጣጠፍ ያያል። በአንጻሩ አጥንቱን በእሳት ቢያቃጥለው ኮላጅኑ ጠፍቶ ማዕድኑ ብቻ ይቀራል፤ በጣት ሲጫኑትም ይፈረፈራል።

ይሁን እንጂ የሕያው ሰው አጥንት እንደ ድንጋይ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። በውስጡ አሮጌውን አጥንት የሚያፈርሱ ሕዋሳትና አዲሱን የሚገነቡ ሕዋሳት ያለ ዕረፍት ይሠራሉ። አጥንት ሸክም ሲበዛበት ይጠነክራል፣ ሥራ ሲያጣ ይሳሳል። ጥርሱ የወለቀበት ሰው መንጋጋ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሟሸሸ የሚሄደውም ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ በአጥንት ውስጥ ባዕድ ነገር ለመትከል የሚነሣ ሐኪም የሚተክለው በግድግዳ ላይ ሳይሆን፣ ያለማቋረጥ በሚፈርስና በሚታደስ ቤት ውስጥ ነው።

በአገራችን አጥንት የተሰበረበት ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነበር፤ ዛሬም የሚሄደው ብዙ ነው። ወጌሻው የተሰበረውን አጥንት በእጁ እየዳሰሰ ይመልሳል፤ ከዚያም በቀርከሃ ወይም በእንጨት ደግፎ ያስረዋል። አጥንት በራሱ የመጠገን ተፈጥሮ ስላለው ብዙ ስብራት በዚህ መንገድ ይድናል። ነገር ግን እስሩ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ የደም ዝውውር ስለሚቋረጥ፣ ለመዳን የመጣ ልጅ እግሩን ወይም እጁን የሚያጣበት ጊዜ አለ። እንደ ጭን አጥንት ያለ፣ በጠንካራ ጡንቻ የሚጎተት አጥንት ሲሰበር ደግሞ ከውጭ የሚደረግ ድጋፍ ብቻውን አይበቃም። ከውስጥ የሚይዘው ነገር ያስፈልጋል።

ይህ ነገር ከምን ይሠራ የሚለው ጥያቄ ነው ሐኪሞችን ብዙ ዘመን ያስጨነቃቸው። ጀርመናዊው ሐኪም ቴሚስቶክለስ ግሉክ በ1890 ገደማ ከዝሆን ጥርስ ሰው ሠራሽ መጋጠሚያ እየሠሩ በበሽተኞች ጉልበት ውስጥ ተክለው ነበር፤ ቁስሉ እያመረቀዘ ሙከራው ከሸፈ። ተራ ብረት ደግሞ የሰውን ደም አይችልም። ደም ጨዋማ ነውና ብረቱን ያዝገዋል፤ ዝገቱም በዙሪያው ያለውን ሥጋ ያቆስላል። የማይዝግ ብረትና ኮባልትን ከክሮምየም ጋር ያቀላቀለ ብረት ከተገኙ በኋላ ነው ነገሩ የተሻሻለው።

አንድ ነገር አለመዛጉ ግን ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን የእንግሊዛዊው ሐኪም የጆን ቻርንሊ ታሪክ ያስረዳል። ቻርንሊ የዳሌ መጋጠሚያቸው የተበላሸባቸውን ሰዎች ለመርዳት ከ1958 ጀምሮ ጉድጓዱን ቴፍሎን በተባለ የሚያንሸራትት ፕላስቲክ ይሠሩት ጀመር። ዛሬ በመጥበሻ ላይ የሚቀባው ያው ቴፍሎን ነው። በሕመም ተይዘው የኖሩ ሰዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥተው ሲሄዱ ሥራው ተአምር መሰለ። ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ከታከሙ በኋላ ግን ፕላስቲኩ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ እያለቀ፣ ብናኙም በመጋጠሚያው ዙሪያ እየተከማቸ አጥንቱን ማበላሸት ጀመረ። ቻርንሊም የተከሉትን መልሰው ለማውጣት ተገደዱ። ከዚህ ሌላ የቴፍሎንን ብናኝና ፖሊኢትሊን የተባለ ሌላ ፕላስቲክ በገዛ ጭናቸው ውስጥ ቀብረው የሚሆነውን ተከታተሉ። ቴፍሎኑ ሥጋቸውን አስቆጣው፣ ሌላው ግን አላስቆጣውም። በሽተኛ የደረሰበትን በራስ ሥጋ ለመቅመስ መድፈር በሕክምና ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኝ አይደለም። ከ1962 መጨረሻ ጀምሮ ቻርንሊ የተጠቀሙበት እጅግ ጠንካራ የፖሊኢትሊን ዓይነት፣ እየተሻሻለ ዛሬም በመላው ዓለም በዳሌና በጉልበት ምትክ ውስጥ ይገኛል።

ከዚህ አሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በስዊድን አገር ሌላ ነገር በአጋጣሚ ተገኝቶ ነበር። ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1952 ይመራመሩ የነበረው ደም በአጥንት ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር ነው። ለዚህም ከቲታኒየም የተሠራች፣ በማጉያ መነጽር ወደ ውስጥ ለመመልከት የምታስችል ትንሽ ዕቃ በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ተከሉ። ምርመራው ሲያበቃ ዕቃይቱን ለሌላ ሙከራ ሊያወጧት ቢሞክሩ አልወጣ አለች። አጥንቱ ከብረቷ ጋር ተጣብቆ አድጎ ነበር። አንድ ተመራማሪ ዕቃው በመበላሸቱ ተናዶ ሊተወው የሚችለውን ነገር ብሮኔማርክ ዋና የምርምር ርዕሳቸው አደረጉት። በ1965 የመንጋጋው አፈጣጠር ጉድለት ለነበረበት አንድ ሰው አራት የቲታኒየም ብሎኖች በታችኛው መንጋጋው ውስጥ ተክለው ሰው ሠራሽ ጥርስ ሰጡት። ሰውዬው በ2006 እስከ ሞተ ድረስ በዚያው ጥርስ ሲበላ ኖረ። ብዙ የጥርስ ሐኪሞች ግን ጉዳዩን ለረጅም ጊዜ አላመኑትም ነበር። በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው በ1982 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ በተደረገ ስብሰባ ማስረጃው ከቀረበ በኋላ ነው።

ቲታኒየም ይህን ጠባይ ያገኘው ከየት ነው? ብረቱ አየር እንደ ነካው ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ያበጃል። ሽፋኑ ቢፋቅ ወዲያውኑ ተመልሶ ይፈጠራል። ሰውነት የሚነካው እንግዲህ ብረቱን ሳይሆን ይህን ዝምተኛ ሽፋን ነው፤ ስለዚህ አይቆጣም። የአጥንት ገንቢ ሕዋሳትም ቀርበው በላዩ ላይ ይሠራሉ። ለዚህ ግን ጊዜ ይሻል። በመንጋጋ የተተከለ ብሎን ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሐድ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ሳይነቃነቅ መቆየት አለበት። ትንባሆ የሚያጨሱና የስኳር በሽታቸው በሚገባ ያልተያዘላቸው ሰዎች የተተከለላቸው የመውደቁ ዕድል ከፍ ያለ ነው።

ከዚህም በላይ የጥንካሬ ጉዳይ አለ። አብዛኛው ሰው ለአጥንት ምትክ የሚሆነው እጅግ ጠንካራ ብረት ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም። የማይዝግ ብረት ላለመታጠፍ ያለው ግትርነት የአጥንትን ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ሁለቱ አብረው ሲታሰሩ ሸክሙን ሁሉ ብረቱ ይወስደዋል፤ አጥንቱም ሥራ እንደ ፈታ ሰው ይዳከማል። የቲታኒየም ግትርነት የብረቱን ግማሽ ያህል በመሆኑ በዚህ በኩልም ይመረጣል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ደግሞ ከማግኒዥየም የተሠሩ ብሎኖችን ያቀርባሉ። እነዚህ አጥንቱ እስኪጠገን ይዘው፣ ከዚያ በኋላ በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ እየሟሙ ስለሚጠፉ ለማውጣት ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም። ችግሩ አጥንቱ ሳይጠገን ቀድመው እንዳይሟሙ መጠኑን ማግኘቱ ላይ ነው።

ከአጥንት ጋር የሚዋሐድ መስተዋት መኖሩ ከሁሉ ይልቅ ያስገርም ይሆናል። በ1967 አሜሪካዊው የመስተዋት ተመራማሪ ላሪ ሄንች በአውቶቡስ ወደ ስብሰባ ሲጓዙ ከቪየትናም ጦርነት ከተመለሰ አንድ የጦር መኮንን ጎን ተቀመጡ። መኮንኑ፣ ሰውን የሚያጠፋ ነገር መሥራት ከቻላችሁ የሰው ሰውነት የማይጠላውን ለምን አትሠሩም በሚል መንፈስ ጠየቃቸው። ሄንች በ1969 ከሲሊካ፣ ከሶዲየም፣ ከካልሲየምና ከፎስፈረስ ኦክሳይዶች የሠሩት መስተዋት በአይጥ አጥንት ውስጥ ሲገባ ከላዩ በከፊል እየሟሟ ሃይድሮክሲአፓታይት ይፈጥራል፤ አጥንቱም የራሱ ወገን መስሎት ይያያዘዋል። ሃይድሮክሲአፓታይትን ራሱን በፋብሪካ አዘጋጅቶ የአጥንትን ጉድጓድ መሙላትም የተለመደ ሆኗል። ዱቄቱን የሚያያይዝ ነገር ለማግኘት ከተሞከሩት መካከል የሱዳን ኮርዶፋን በዓለም የታወቀበት የግራር ሙጫ ይገኝበታል፤ እስካሁን ግን ከቤተ ሙከራ ብዙም አልራቀም።

እነዚህ ሁሉ ውድ ናቸው። በብዙ አገሮች የሚበዛው ደግሞ በመኪና አደጋ ጭኑ የተሰበረ ድኻ ነው። አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ሉዊስ ዘርክል በ1999 ሳይን የተባለውን ድርጅት ያቋቋሙት ይህን አይተው ነው። ድርጅቱ የሚሠራው በመቅኔው ቦታ የሚገባ የማይዝግ ብረት ዘንግ ነው። በሌላው ዓለም እንዲህ ያለው ዘንግ በብሎን የሚታሰረው ቀዶ ሕክምናው እየተካሄደ በሚታይ የራጅ ምስል መሪነት ሲሆን፣ የሳይን ዘንግ ግን ከውጭ በሚገጠም መለኪያ አማካይነት ቀዳዳው ያለበትን ቦታ ያሳያል። አዲስ አበባ ከሚገኘው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጀምሮ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ድርጅቱ ዘንጉን ለድኻ በሽተኞች በነፃ ይሰጣል፤ በምላሹ የሚጠይቀው ሐኪሞቹ የበሽተኛውን ሁኔታ እንዲያሳውቁት ነው። ከሚላኩለት ማስረጃዎች አንዱ የበሽተኛው ፎቶግራፍ ነው። ጭኑ የዳነለት ሰው በሁለት እግሩ ቁጢጥ ብሎ ፈገግ ሲል ይነሣል፤ ዘንጉ ያለ ችግር መቀመጡንና አጥንቱ መጠገኑን ሐኪሙ ከዚህ ይረዳል።