የሪቻርድሰን የተሳሳተ ትንበያ ለኮምፒውተር ስሌት የተወው ትምህርት

የአየርንና የውሃን እንቅስቃሴ በስሌት አስቀድሞ የማወቅ ዘዴ ዛሬ ለአየር ጠባይ ትንበያ፣ ለአውሮፕላን ንድፍና ለግድብ ጥናት አገልግሎት ይውላል። ለዘዴው መሠረት ከጣሉት ሥራዎች አንዱ ግን ውጤቱ ፍጹም የተሳሳተ ስሌት ነበር።

ስሌቱን ያካሄዱት እ.ኤ.አ. በ1881 የተወለዱት እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሊዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በፈረንሳይ የአምቡላንስ ሹፌር ሆነው ሲያገለግሉ፣ በዕረፍት ሰዓታቸው የከባቢ አየርን እንቅስቃሴ የሚገልጹ ቀመሮችን በእጅ ያሰሉ ነበር።

ቀመሮቹ በቀጥታ የሚፈቱ ባለመሆናቸው ተመራማሪው የምድሩን ገጽ እንደ ዳማ ሰሌዳ በአራት ማዕዘኖች፣ ከፍታውን ደግሞ በአምስት ንብርብሮች ከፋፈሉ። ወደ እያንዳንዱ ክፍል የሚገባውንና ከዚያ የሚወጣውን አየር በማስላትም የግፊቱን ለውጥ ለማግኘት ሞከሩ። የዛሬዎቹ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችም በመሠረቱ ቦታንና ጊዜን በመከፋፈል ይሠራሉ።

ለሙከራው የተመረጠው እ.ኤ.አ. የሜይ 20 ቀን 1910 የአየር ሁኔታ ነበር። ስሌቱ በመካከለኛው አውሮፓ የአየር ግፊት በስድስት ሰዓት ውስጥ በ145 ሚሊባር እንደሚጨምር አመለከተ። በዕለቱ የተመዘገበው ግፊት ግን እምብዛም አልተለወጠም ነበር። ሪቻርድሰን ስህተቱን ሳይሸሽጉ እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተሙት መጽሐፍ ይፋ ያደረጉ ሲሆን፣ ምክንያቱ የመነሻው የነፋስ መረጃ ጉድለት መሆኑን አመልክተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1928 ኩራንት፣ ፍሬድሪክስና ሌቪ የተባሉ የሂሳብ ሊቃውንት የስሌቱ የጊዜ እርምጃ ከክፍሎቹ ስፋት ጋር ካልተመጣጠነ ውጤቱ ሊዛባ እንደሚችል አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ1950 ደግሞ ቻርኒ፣ ፎን ኖይማንና ባልደረቦቻቸው ኢኒያክ በተሰኘው ኮምፒውተር በመጠቀም የመጀመሪያዎቹን የኮምፒውተር ትንበያዎች አከናወኑ። የ24 ሰዓቱን ትንበያ ማስላት ራሱ 24 ሰዓት ያህል ፈጅቷል።

ከዓመታት በኋላ አየርላንዳዊው የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ ፒተር ሊንች የሪቻርድሰንን ስሌት እንደገና ሠርተውታል። በነፋስና በግፊት መረጃው መካከል የነበረው አለመጣጣም አስቀድሞ ሲስተካከል፣ ያው ዘዴ ከእውነታው ጋር የሚቀራረብ ውጤት አስገኝቷል።

ይህም በኮምፒውተር የተዘጋጀ የጎርፍ፣ የግድብ ወይም የአየር ብክለት ጥናት ቀርቦላቸው ውሳኔ ለሚሰጡ ኃላፊዎች ጠቃሚ ትምህርት ነው። ጥናቱ ምን ያህል ፈጣን ኮምፒውተር እንደተጠቀመ ከመጠየቅ አስቀድሞ፣ የመነሻ መረጃው ከየት እንደተገኘና ውጤቱ በመስክ ከተለካው ጋር መነጻጸሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።