የዝንጉርጉር ፈረስ እርባታ ታሪክና የድንጉላ አመራረጥ

በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ፈረስ የሚጠራው በመልኩ ነው፤ ዳማ፣ ቡላ፣ ቦራ፣ አምባላይ ይባላል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚታየው በአምባላይ ፈረስ ላይ ስለሆነ ነጭ መልክ ክብር አለው። ዝንጉርጉር ፈረስም ዓይን ይስባል። በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው ይህ መልክ በሌላው ዓለም እንዴት እንደተራባና ማኅበራት ድንጉላ ሲመርጡ ለምን ሊጠነቀቁ እንደሚገባ ነው።

በመጀመሪያ ዝንጉርጉር የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም። ጠቆር ብሎ ተወልዶ ዕድሜው ሲገፋ የሚነጣው፣ በመካከሉ ነጠብጣብ ቢያሳይም፣ አምባላይ ነው። እንደ ቡሬ በሬ በሰፋፊ ነጭና ጥቁር የተከፋፈለውም ሌላ ነው። የምንናገረው እንደ ነብር ነጠብጣብ ስላለው ነው። የዚህ ፈረስ ምልክቱ በአፍንጫው፣ በከንፈሩና በብልቱ ዙሪያ ያለው ቆዳ ዥጉርጉር መሆኑ፣ ሰኮናው ከላይ ወደ ታች መሰመሩ፣ የዓይኑም ነጭ እንደ ሰው ዓይን ጎልቶ መታየቱ ነው።

መልኩ ሰው ፈረስን ከማላመዱ በፊት የነበረ ነው። በፈረንሳይ አገር በፔሽ መርል ዋሻ ከ25,000 ዓመት ገደማ በፊት ነጠብጣብ ያለባቸው ፈረሶች ተሥለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የጥንት ፈረሶች ቅሪት ጥናትም መልኩ በእርግጥ እንደነበረ አሳይቷል። በዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1812 የክናብስትሩፕ ርስት ባለቤት አንዲት ዝንጉርጉር ባዝራ ገዝቶ ማራባት ጀመረ፤ በርስቱ ስም የሚጠራው ዝርያም ከእርሷ ተነሣ። መነሻው ጠባብ ስለነበረ ግን ዘመድ ከዘመድ እየተዳቀለ ዝርያው ተዳከመ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ከአሜሪካ አፓሉሳ ድንጉሎች እስከ ማስመጣት ተደረሰ።

አፓሉሳ የሰሜን አሜሪካው የኔዝ ፐርስ ሕዝብ ፈረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1806 በዚያ የነበረው ተጓዥ ሉዊስ ነጠብጣብ ያለባቸውን ቢጠቅስም አስቀድሞ ያመሰገነው ቁመናቸውንና ጽናታቸውን ነው። ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ1877 በጦርነት ሲሸነፍ መንጋው ተበተነ፤ የአርቢዎቹ ማኅበር የተቋቋመው በ1938 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ገዢ የሚሻው ነጠብጣቡን ሆነ። በእኛ አስተያየት ጉዳቱ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

መልኩን የሚያመጣው ውርስ ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲመጣ ፈረሱ በጨለማም ያያል። ከአባትም ከእናትም ሲመጣ ግን ውርንጭላው፣ ብዙውን ጊዜ ነጭ የበዛበትና ነጠብጣቡ ጥቂት የሆነው፣ ከልደቱ ጀምሮ በጨለማ አያይም። ውርሱን ከአንድ አንድ ወላጅ ብቻ ያገኙ ድንጉላና ባዝራ ሲዳቀሉ ከአራት ውርንጭላ አንዱ እንዲህ ሆኖ ሊወለድ ይችላል። በቀን ደኅና ስለሚያይ ባለቤቱ አያውቅበትም። ከገበያ አምሽቶ በገደል አፋፍ የሚመለስ ገበሬ በፈረሱ ዓይን ይተማመናልና ነገሩ ቀላል አይደለም። ከዚህም በላይ ይህ ውርስ ያለበት ፈረስ ለተመላላሽ የዓይን ብግነት ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ስለዚህ ዝንጉርጉር ባዝራ ያለው ማኅበር ባለ አንድ መልክ ድንጉላ ያስጠቃት። ድንጉላው መልኩ አንድ መስሎ ከላይ የተገለጹት ምልክቶች እንዳይኖሩበት ከንፈሩና ሰኮናው ይመርመር። የተጠረጠረ ፈረስ ከመሸ በኋላ በማያውቀው ሜዳ ላይ እንጨት ተጋድሞ ቀስ ብሎ በመሳብ ይሞከራል፤ የሚያይ እግሩን አንሥቶ ያልፋል። ባዝራዋ ለበቅሎ የምትውል ከሆነ ችግሩ አይነሣም፤ ይህ ውርስ በአህያ ዘንድ ስለማይገኝ በቅሎው ከአንድ ወገን በላይ አይወርስም። ጎጃም የበቅሎ አገር ነውና ይህ ለብዙዎች የሚመች መውጫ ነው።

ባዝራ 11 ወር ታረግዛለች፤ ውርንጭላዋም ለጭነት ወይም ለኮርቻ እስኪደርስ 3 ዓመት ያህል ይፈጃል። በወል ግጦሽ ላይ ድንጉላና ባዝራ አብረው ከዋሉ ምርጫ የሚባል ነገር የለም። ስለሆነም ለእርባታ ያልተመረጠ ወንድ አንድ ዓመት ተኩል ሳይሞላው በእንስሳት ሐኪም እንዲኮላሽ የልማት ሠራተኛው ከማኅበሩ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር።