ዋንጫው ስድስት ዓመት ከድሬዳዋ ያልወጣበት ዘመንና ሉቺያኖ ቫሳሎ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1965 ባሉት ስድስት ዓመታት የኢትዮጵያን የእግር ኳስ ሻምፒዮና ያሸነፉት ሁለት ክለቦች ብቻ ነበሩ። ሁለቱም የድሬዳዋ ናቸው። ሕዝቡ «ኮተን» እያለ የሚጠራው ጥጥ ማኅበር በ1960፣ በ1962፣ በ1963 እና በ1965 አራት ጊዜ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው ቡድን ኢትዮ ሲሚንቶ ደግሞ በ1961 እና በ1964 ሁለት ጊዜ ዋንጫውን ወሰዱ። አዲስ አበባም ሆነ አስመራ በእነዚያ ዓመታት ከድሬዳዋ ፋብሪካዎች ጀርባ ተሰልፈው ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ይህን የሚያውቁት በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ የከተማዋ ነዋሪዎች ናቸው። ወጣቱ ስለ አውሮፓ ክለቦች የሚያውቀውን ያህል ስለ ኮተን አያውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያን ዘመን ለመረዳት ከሁሉ የሚቀለው መንገድ የአንድ ተጫዋችን ሕይወት መከተል ነው። ተጫዋቹም የኮተኑ አማካይ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አምበልና የአፍሪካን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው።

ሉቺያኖ የተወለደው ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም. በአስመራ ነው። አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። በዚያ ዘመን ክልስ ሆኖ መወለድ ቀላል ዕጣ አልነበረም። የፋሺስት መንግሥት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 ያወጣው ሕግ ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት እናት የወለደውን ልጅ በሕግ ልጄ ነው ብሎ እንዳይቀበል የሚከለክል ነበር። በዚህም ብዙ ልጆች በአባታቸው ወገን ባይተዋር፣ በእናታቸው ወገን ደግሞ የቅኝ ገዥው ዘር ተብለው አደጉ። ሉቺያኖም በድህነት ያደገው በእናቱ እጅ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ በጣሊያንኛ ላሳተመው የሕይወት ታሪኩ የሰጠው ርዕስ በአማርኛ «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸውልሽ» እንደማለት ነው። እግር ኳስ ለዚህ ሰው ከጨዋታ በላይ ምን እንደነበረ ርዕሱ ራሱ ይናገራል።

ገና በወጣትነቱ በአስመራ ምድር ባቡር መካኒክነት ተማረ፤ ሠራም። በኳሱ በኩል የታወቀው አብዛኞቹ ተጫዋቾቹ እንደ እሱ ክልስ ወጣቶች በነበሩበት ስቴላ አስማሪና በተባለ ቡድን ነው። የአስመራ እግር ኳስ በወቅቱ ጠንካራ ስለነበር የሐማሴንና የአካለ ጉዛይ ቡድኖች የኢትዮጵያን ሻምፒዮና እስከማሸነፍ ደርሰዋል። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተቆራኘችበት ዘመን በመሆኑም የአስመራ ልጆች በብሔራዊ ቡድኑ ውስጥ ብዙዎች ነበሩ።

ታዲያ ይህን የመሰለ ተጫዋች ከደጋው አስመራ ወደ ቆላዋ ድሬዳዋ ምን አመጣው? መልሱ ያለው በዘመኑ የተጫዋች ኑሮ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ያን ጊዜ ፕሮፌሽናል ሊግ የሚባል ነገር አልነበረም። የፊርማ ክፍያ፣ የሁለት ዓመት ውል፣ የተጫዋች ወኪል የሚባሉት ሁሉ ገና አልተወለዱም። ተጫዋች የሚኖረው በመደበኛ ሥራው ደመወዝ ነው። ስለዚህ ጥሩ ቡድን ሊኖረው የሚችለው ጥሩ ሥራ ሊሰጥ የሚችል ድርጅት ነበር። ወታደሩ በጦር ሠራዊቱ ቡድን፣ የስልክ ሠራተኛው በቴሌ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው በፋብሪካው ቡድን ይጫወታል። ኳስ መምታት ብቻ ሳይሆን ሞተር መፍታትና መግጠም የሚያውቅ ሰው ደግሞ ለፋብሪካ ሁለት ጊዜ ጠቃሚ ነው።

ድሬዳዋ በዚህ ረገድ ከብዙ የአገሪቱ ከተሞች የተሻለች ነበረች። ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው በ1902 ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ እዚህ በመድረሱ ነው። በሐዲዱ ተከትለው ነጋዴው፣ የባቡር ሠራተኛው፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዓረቡ፣ ሕንዱ፣ ጣሊያኑ መጡ። የሲሚንቶና የጥጥ ፋብሪካዎቹ በጣሊያን ዘመን ተተከሉ። ሲሚንቶው በአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። ጨርቃ ጨርቁ ደግሞ በርካታ ሺህ ሰው የሚኖርበት ሠፈር እስኪመስል ድረስ አድጎ የከተማዋ ትልቁ እንጀራ ሆነ። በ1960ዎቹ የአዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻዎች እየተስፋፉ ሲመጡ የአገሪቱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃ ከቅርብ ማግኘት ቻሉ። የድሬዳዋ እግር ኳስ ሥሩ እዚያው የጥጥ ማሳ ላይ ነበር ቢባል ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ጥጡ ክር፣ ክሩ ጨርቅ፣ ጨርቁ ደመወዝ፣ ደመወዙ ቡድን ሆነ።

ሌላም ነገር አለ። በአስመራ የትውልዱ ነገር መነጋገሪያ የሆነበት ክልስ ወጣት በድሬዳዋ ብዙም እንግዳ አይሆንም። ከደቻቱ ወንዝ በወዲህም በወዲያም፣ በከዚራም በመጋላም፣ አንድ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪና ዓረብኛ ሲናገር ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ይህ የከተማዋ ጠባይ ለአንድ ተጫዋች መሳካት ምን ያህል እንዳገዘ በሚዛን መለካት ባይቻልም፣ ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎችን ያቀፈ ቡድን ያለ እንዲህ ያለ ከተማ መፈጠሩ ያጠራጥራል።

የሉቺያኖ ስም ከኢትዮጵያ ወጥቶ በአፍሪካ የናኘው በሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ነው። ኢትዮጵያ ቀደም ባሉት ሁለት ውድድሮች ክፉኛ ተጎድታ ነበር። በ1957 በካርቱም በፍጻሜው በግብፅ 4 ለ 0፣ በ1959 በካይሮ በዚያው በግብፅ ደግሞ እንደገና 4 ለ 0 ተሸንፋለች። ሦስተኛው ውድድር በአዲስ አበባ ሲዘጋጅ የተሳተፉት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዝያ፣ ዩጋንዳና በወቅቱ የተባበረች ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ። ኢትዮጵያ ጥር 6 ቀን 1954 ዓ.ም. ቱኒዝያን 4 ለ 2 ስታሸንፍ፣ ግብፅ ዩጋንዳን 2 ለ 1 ረታች።

ፍጻሜው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ዕለት ነበር፤ ጥምቀትና ቃና ዘገሊላ ባለፉ ማግሥት። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም የተሰበሰበው ሕዝብ ገና ከበዓሉ ስሜት አልወጣም። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ ለግብፅ አስቆጠረ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው ለአርባ ደቂቃ ያህል ሳይለወጥ ቆየ። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ግን ደስታው ገና ሳይበርድ በ75ኛው ደቂቃ ባዳዊ ግብፅን እንደገና መሪ አደረጋት። ስታዲየሙ የሁለቱን የቀድሞ ሽንፈቶች ያስታወሰ ይመስል ጭጭ ባለበት ሰዓት ነው ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ ኳሷን ከመረብ ያገናኘው። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ የቀረው ስድስት ደቂቃ ነበር።

በጭማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ በ101ኛው ደቂቃ፣ መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ በ117ኛው ደቂቃ አስቆጥረው ጨዋታው በኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸናፊነት ተጠናቀቀ። አምበሉ ሉቺያኖ ወደ ክብር መቀመጫው ወጥቶ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። የጣሊያን ወታደር ልጅ፣ በጣሊያን ከተወረረች አገር ንጉሠ ነገሥት እጅ የአገሪቱን ታላቅ የስፖርት ክብር ሲቀበል የታየበት ያ ቅጽበት ብቻውን ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ ብዙ የሚያስተምር ነው። ቡድኑን የመሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ኢትዮጵያ ያን ዋንጫ ከዚያ ወዲህ አላገኘችውም።

ኮተን በበኩሉ የአገር ውስጥ ድሉን ይዞ ወደ አህጉሩ ወጣ። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ የመጨረሻዎቹ አራት ክለቦች በአክራ ጋና ተገናኙ። አንደኛው የድሬዳዋው ኮተን ነበር። በጥር ወር 1957 ዓ.ም. በግማሽ ፍጻሜው በማሊው ስታድ ማሊያን 3 ለ 1 ተሸንፎ ተሰናበተ። ዋንጫውን ያነሳው የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ ነው። ሽንፈት ቢሆንም የአንድ ከተማ ፋብሪካ ሠራተኞች ቡድን ከአፍሪካ አራት ምርጥ ክለቦች ተርታ መሰለፉ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ክለቦች በዚሁ ውድድር የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ማለፍ ምን ያህል እንደሚቸግራቸው ለሚያስታውስ ሰው በተለይ።

ከ1965 በኋላ የሻምፒዮናው ዋንጫ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄደ፤ የአዲስ አበባው ክለብ ሦስት ዓመት ተከታትሎ አሸነፈ። ሉቺያኖ ግን በብሔራዊ ቡድኑ ቆየ። ኢትዮጵያ በ1968 የአፍሪካን ዋንጫ እንደገና አስተናግዳ አራተኛ ስትወጣ በቡድኑ ውስጥ ነበር። ጫማውን የሰቀለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ መግቢያ ላይ ነው። በጣሊያን አገር በታወቀው የኮቨርቺያኖ የአሰልጣኞች ማሠልጠኛ ተምሮም ወደ አሰልጣኝነት ተሻገረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የብዙ ኢትዮጵያውያን ታሪክ ነው። አብዮቱ ፈነዳ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ትልልቅ ፋብሪካዎችን ሲወርስ የድሬዳዋው ጨርቃ ጨርቅም የመንግሥት ሆነ። የክለቦች ስምና አደረጃጀት ተለዋወጠ። በ1978 ሉቺያኖ አገሩን ጥሎ ተሰደደና አባቱ በመጣበት አገር፣ በጣሊያን ሮም አካባቢ፣ ኑሮውን ከባዶ ጀመረ። ለኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው አምበል ከአርባ ዓመት በላይ የኖረው በስደት ነው። መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ እዚያው በጣሊያን አረፈ።

አሁን ድሬዳዋን በፕሪሚየር ሊጉ የሚወክለው ብርቱካናማ ለባሹ ድሬዳዋ ከተማ ነው። ክለቡ የሊጉን ዋንጫ እስካሁን አላነሳም። በሁለቱ ዘመናት መካከል ያለው ልዩነት የተጫዋቾች ችሎታ ብቻ አይደለም። የኮተን ተጫዋች ደመወዝ የሚወጣው ከሚሸጠው ጨርቅ ነበር። ጫማውን ሲሰቅልም በእጁ ሙያ፣ በፋብሪካውም ሥራ ነበረው። የዛሬው ተጫዋች በውል ይፈርማል፤ ክፍያውም ለቀድሞዎቹ ሕልም እንኳ ያልነበረ ነው። ነገር ግን ውሉ ሲያልቅ ወይም ጉልበቱ ሲጎዳ የሚመለስበት ሙያ ብዙ ጊዜ የለውም። በአገሪቱ በርካታ የከተማ ክለቦች የሚተዳደሩት ደግሞ በከተማ አስተዳደሮች በጀት ነው። ይህም ማለት ከግብር ከፋዩ ነጋዴና ከአርሶ አደሩ ኪስ ነው። ስለ ተጫዋቾች ክፍያ መብዛት በየጊዜው የሚነሳው ክርክር ከዚህ የመነጨ ነው።

በእርግጥ የፋብሪካው ሥርዓትም የራሱ ድክመት ነበረው። ቡድኑ የቆመው በአንድ ድርጅት ትከሻ ላይ በመሆኑ ድርጅቱ ሲዳከም ቡድኑም አብሮ ይዳከማል። ኮተንም የሆነው ይኸው ነው፤ ሜዳ ላይ ተሸንፎ አልጠፋም፣ ያቆመው ፋብሪካ ግን የቀድሞ ጉልበቱን አጣ። ሉቺያኖን የመሰለ ተጫዋች ያን ጊዜ ከአስመራ ተነስቶ ወደ ድሬዳዋ መምጣቱ እንዲያዋጣው ያደረጉት ሥራ፣ ሐዲድና ሜዳ በአንድ ከተማ በመገናኘታቸው ነበር።

የድሬዳዋ ሠፈሮች ዛሬም ኳስ የሚያሳድዱ ልጆች አላጡም። በሳቢያንም፣ በከዚራም፣ በመጋላም ፀሐይ በረድ ሲል ባዶ ቦታ ሁሉ ሜዳ ይሆናል። ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ከስድስት አሥርት ዓመታት በፊት የከተማቸው ክለብ በአክራ ለአፍሪካ ሻምፒዮንነት እንደተጫወተ፣ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው አምበልም የዚያው ክለብ ተጫዋች እንደነበረ የነገራቸው የለም።